ለአንድ ናሙና ሁለት ጥያቄዎች

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከላቦራቶሪ በሚወጣ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል አንድ ቢሆንም ትርጉሙ እንደ ምርመራው ይለያያል። የዘረመል ምርመራ «ተህዋሲው አሁን እዚህ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የፀረ እንግዳ አካል ወይም የአንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ «ይህ ሰውነት ከተህዋሲው ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ሁለቱን ማምታታት በታካሚዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ስላየሁ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ኤችአይቪ በደሟ ካለ እናት በተወለደ ሕፃን ላይ ነው። የእናትየው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ልጇ ደም አልፎ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚያ ዕድሜ የሚደረግ የአንቲቦዲ ምርመራ ስለ እናትየው እንጂ ስለ ልጁ አይነግረንም። የልጁን ለማወቅ ተረከዙ ተወግቶ ጥቂት የደም ጠብታዎች በወፍራም ማጣሪያ ወረቀት ላይ በታተሙ ክቦች ውስጥ ይንጠባጠባሉ፤ ደሙ ደርቆ ሲጠቁር ወረቀቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላክና የቫይረሱ ዘረመል ይፈለጋል። በሥራ ዘመኔ የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ፣ በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ «ፖዘቲቭ» የተባለበትን ወረቀት በእጇ ጨብጣ የመጣች እናት አጋጥማኛለች። በዘረመል ስንመረምረው ቫይረሱ አልተገኘበትም፤ በክትትሉ መጨረሻም ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። እናትየው ያንን ወረቀት ይዛ ያደረቻቸውን ሌሊቶች ግን ማንም ሊመልስላት አይችልም።

ለዘረመል ምርመራ ያበቃን አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈውና ከአሥር ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት፣ ዘረመልን የሚያባዛው ፒሲአር የተባለ ዘዴ ነው። ጥንዱ የዲኤንኤ ክር 95 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ ለሁለት ይለያያል፤ ቀዝቀዝ ሲል ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች በምንፈልገው ቦታ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ዲኤንኤ የሚገነባ ኢንዛይም የተባለ ፕሮቲን እያንዳንዱን ክር ዳግም ጥንድ ያደርገዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚቋቋመው ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው በፍል ውኃ ከሚኖር ባክቴሪያ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በዚህ ዘዴ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያንም ሆነ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መለየት ተችሏል፤ ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት ግን ሳምንታት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንባ ነቀርሳን በደም ውስጥ ባለ አንቲቦዲ መመርመር እንዲቀር ማሳሰቡም ተገቢ ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው ኃይል አደጋም አለው። ከአንዱ ቲዩብ ክዳን ወደ ሌላው የተረጨች፣ ዓይን የማያያት ጠብታ ጤነኛውን ሰው ታማሚ ልታስብል ትችላለች። የሞተ ባክቴሪያ ዘረመልም ስለሚባዛ ሕክምናውን በቅርቡ የጨረሰ ሰው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል።

አንቲቦዲን ስለዚህ መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1971 ይፋ የሆነው ኤሊዛ የተባለ የአንቲቦዲ ምርመራ በ96 ጉድጓዶች ሳህን ላይ የብዙ ሰዎችን ደም በአንድ ጊዜ ይመረምራል፤ ተህዋሲው ከሰውነት ከወጣ በኋላ አሻራውን የምናገኘው፣ ወረርሽኝ በኅብረተሰቡ ውስጥ ምን ያህል እንደተዛመተ የምናውቀውም በአንቲቦዲ ነው። ነገር ግን ሰውነት አንቲቦዲ እስኪያመርት ጊዜ ስለሚወስድ ምርመራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለውን ሕመም ሊስተው ይችላል፤ ከሄፓታይተስ ሲ የዳነ ሰውም አንቲቦዲው ለዓመታት አብሮት ስለሚኖር ቫይረሱ ራሱ መኖሩ በአርኤንኤ፣ ማለትም በቫይረሱ ዘረመል ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

አንድ ስሌት ልጨምር። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ብቻ በተያዙበት ሕዝብ ውስጥ፣ ታማሚውንም ጤነኛውንም 99 በመቶ በትክክል የሚለይ ምርመራ ቢደረግ፣ ፖዘቲቭ ከሚባሉት 20 ያህል ሰዎች ግማሾቹ ጤነኞች ናቸው።

ስለዚህ ሐኪሞች በመጠየቂያው ቅጽ ላይ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን፣ የታካሚውን ዕድሜ፣ ቀድሞ የወሰደውን ሕክምናና ማወቅ የምትፈልጉትን እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ። እኛም ውጤቱን ስንልክ የፈለግነው ዘረመሉን ይሁን አንቲቦዲውን በግልጽ እንጽፋለን።

አመሰግናለሁ።