ዜሮዋን ተዉልኝ፦ የምንጊዜም ታላቁ ቦክሰኛ ማን ነው?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የሚያቋርጠኝ ስለሌለ እንደ ልቤ ልለፍልፍ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩብኝ።

ጉዳያችን ያ የማያልቀው ክርክር ነው። ከቦክሰኞች ሁሉ የምንጊዜም ታላቁ ማን ነው? አበሻ ሰብሰብ ባለበት ይህን ጥያቄ ጣል አድርጉ፤ ጨርሳችሁ ሳትጠይቁ መልሱ ይመጣል። መሐመድ አሊ! ወጣት ካለ ደግሞ ስልኩን ያወጣና «ሜይዌዘር፣ ሃምሳ ለዜሮ!» ይላል። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም።

እኔን የምታናድደኝ ይህቺ «አንድም ጊዜ አልተሸነፈም» የምትል ዜሮ ናት።

ሜይዌዘር ጎበዝ አይደለም እያልኩ አይደለም። በመከላከል እሱን የሚያህል በዘመኔ አላየሁም። በ2002 ከሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ ጋር ሲገጥም ብዙ ሰው «ተሸንፏል፣ ዳኞቹ ናቸው ያዳኑት» ብሎ ነበር፤ እሱ ግን በዚያው ዓመት መልሶ ገጠመው፣ አሸነፈውም። ይህን አልነፍገውም። ግን ከዘመኑ ትልቅ ተቀናቃኙ ከማኒ ፓኪያዎ ጋር ድርድር የተጀመረው በ2009 መጨረሻ ላይ ነው፤ የተገናኙት በ2015። በመሃል ሁለቱም አረጁ፣ እኛም አብረን አረጀን። ሃምሳኛው ድል ደግሞ ኮነር ማግሬገር ላይ ነው። ሰውየው ከዚያ ቀን በፊት በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ግጥሚያ አልነበረውም! እና ይህቺን ሃምሳኛ ከአርባ ዘጠኙ ጋር እኩል ልቁጠራት?

ሮኪ ማርሲያኖም እንዲሁ፣ አርባ ዘጠኝ ለዜሮ። ጠንካራ ሰው ነበር፣ ጥርጥር የለውም። ግን በ1951 የቀድሞውን ሻምፒዮን ጆ ሉዊስን በስምንተኛው ዙር ሲዘርረው ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር። ወደ መድረክ የመለሰውም የግብር ዕዳ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። መዝገቡ ላይ ግን «ጆ ሉዊስን አሸነፈ» ተብሎ ነው የተጻፈው። መዝገብ ዕድሜም ዕዳም አይጽፍም።

እኛ እኮ ሰዓት ባለበት ስፖርት እንኳ አልተስማማንም። ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ? ቀነኒሳ በ2004 የ5 ሺህንም የ10 ሺህንም ክብረ ወሰን ከኃይሌ ወስዷል፣ ሰዓቱ ተጽፎ ተቀምጧል። ያም ሆኖ «አይ፣ ኃይሌ እኮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው መቼም አይጠፋም። ሰዓት በሌለበት በቦክስማ እንዴት ይሆናል? ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1938 የሦስት ክብደት ሻምፒዮንነትን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ያኔ ያለው የክብደት ምድብ ስምንት ነው። ዛሬ ምድቡ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ በዚያ ላይ ቀበቶ የሚያድሉ አራት ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። «የሦስት ክብደት ሻምፒዮን» ሲባል ያኔና ዛሬ አንድ ነገር አይደለም። ሃሪ ግሬብ ደግሞ አለላችሁ፤ በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን ጂን ተኒን በሕይወቱ ያሸነፈው ብቸኛው ሰው። ሲፋለም የሚያሳይ ፊልም ግን የለም። ያላየሁትን ሰው ስንተኛ ላድርገው?

ስለ ጆ ሉዊስ ስናገር ፍርዴ ሊያደላ እንደሚችል ከወዲሁ እወቁልኝ። ምክንያት አለኝ።

ሰኔ 1935፣ ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም። ወልወል ላይ ተኩስ ከተከፈተ ወራት አልፈዋል፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እያጋዘ ነው። በዚያ ሰሞን የ21 ዓመቱ ሉዊስ የሚገጥመው ማንን ነው? ፕሪሞ ካርኔራን! የቀድሞ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን፣ የፋሺስቱ መንግሥት «የእኛ ጀግና» እያለ የሚያሞግሰው ግዙፍ ጣሊያናዊ። ከሉዊስ ወደ 30 ኪሎ ይከብዳል። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ግጥሚያውን እንደ ቦክስ ብቻ አላዩትም፤ ኢትዮጵያና ጣሊያን አድርገው ነው ያዩት። በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ውስጥ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው ለኢትዮጵያ ብሎ ሉዊስን ይደግፋል። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ዳኛው አስቆመው። ጣሊያን መረብን የተሻገረው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል። ቡጢው አንድም ታንክ አላቆመም፣ አውቃለሁ። ደግሞ እንደ ቦክስ ከመዘንነው ካርኔራ ያን ያህል ቦክሰኛ አልነበረም፤ ከቀድሞ ድሎቹ ብዙዎቹ ወንበዴዎች ያቀናበሯቸው ናቸው እየተባለ ሲታማ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ በታላቅነት ሚዛን ላይ ይህ ግጥሚያ ብዙም አይከብድም። ሉዊስን የሚያስከብረው ከዚያ በኋላ ለ25 ጊዜ ሻምፒዮንነቱን ማስጠበቁ ነው፤ በ1936 ሉዊስን ራሱን ዘርሮት የነበረውን ማክስ ሽሜሊንግን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ1938 መልሶ ገጥሞ በመጀመሪያው ዙር መጨረሱ ነው።

አሊም ላይ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደ የ18 ዓመት ልጅ፣ ያኔ ስሙ ካሲየስ ክሌይ። በኋላ ቬትናም አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተነጠቀ፣ ከ1967 እስከ 1970 መድረክ ላይ አልወጣም። ከ25 ዓመቱ እስከ 28 ዓመቱ ማለት እኮ ነው! እንደ ሰው ያከበርነው በዚያ ነው፣ ተገቢም ነው። እንደ ቦክሰኛ ግን ምርጡን አሊ አላየነውም። ያላየሁትን ዓመት ደግሞ በግምት ነጥብ አልሰጥበትም።

ነጥብ የምሰጠው ለኪንሻሳ ነው። 1974። ሻምፒዮኑ ጆርጅ ፎርማን 25 ዓመቱ፣ በ40 ግጥሚያ ያልተሸነፈ። አሊን ያሸነፉትን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዙር ጨርሷቸዋል። በዚህ ስሌት አሊ ከሁለት ዙር ያልፋል ያለ ሰው እንደ ተላላ ነው የሚቆጠረው። አሊ ግን ገመዱ ላይ ተደግፎ አስደበደበው፣ ማለቴ ራሱን፣ ፎርማን እስኪደክም ድረስ፤ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ታላቅነት ለእኔ ይሄ ነው፦ ሊያሸንፍህ የሚችለውን ሰው፣ ገና ሊያሸንፍህ በሚችልበት ሰዓት መግጠም።

በዚህ መለኪያ ከሄድን ግን አሊ አንደኛ አይወጣም። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ይወጣል።

ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል። አዎ፣ አሥራ ዘጠኝ። ቆዩ፣ አትዝጉት። የመጀመሪያዋን ሽንፈት ያገኘው በየካቲት 1943 በጄክ ላሞታ ነው፤ ላሞታ በክብደት ይበልጠዋል። ሮቢንሰን ምን አደረገ? በሦስት ሳምንት ውስጥ እዚያው ዲትሮይት ላይ መልሶ ገጠመው፣ በነጥብ አሸነፈ። በመሃል ደግሞ ሌላ ሰው ገጥሟል! የዛሬ ሻምፒዮን ከሽንፈት በኋላ ለሦስት ሳምንት መግለጫ እንኳ አይሰጥም። ከላሞታ ጋር በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተገናኝተዋል፣ አምስቱን ሮቢንሰን ወስዷል። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ሽንፈት በኋላ እስከ 1951 ድረስ ያሸነፈው የለም። በዚያ ዓመት አውሮፓን ሲዞር፣ ከከተማ ከተማ እየተጋጠመ ከርሞ ለንደን ላይ በራንዲ ተርፒን ተሸነፈ። በ64ኛው ቀን ኒው ዮርክ ላይ ዓይኑ አናት ላይ ተሰንጥቆ ደም እየፈሰሰው ተርፒንን በአሥረኛው ዙር አስቆመው።

እንከን የለውም አልልም። ቻርሊ በርሊ የሚባለውን የዘመኑን ቦክሰኛ ሳይገጥም ቀርቷል፤ «ሸሸው» የሚሉ አሉ፣ መልስ የለኝም። ምርጥ ዘመኑ የዌልተር ሚዛን ዘመኑ ነው ይባላል፣ ከዚያ የተረፈው ፊልም ደግሞ ጥቂት ነው። አሊ ራሱ ሮቢንሰንን እንደ አርአያው እያየ ያደገ መሆኑ ግን የሆነ ነገር ይነግረኛል።

ሮቢንሰን በመዝገቡ ላይ ግጥሚያውን ሳይጨርስ የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔ 1952፣ ያንኪ ስታዲየም፣ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት። በክብደት ወደ ላይ ወጥቶ የቀላል ከባድ ሚዛኑን ሻምፒዮን ጆይ ማክሲምን እየገጠመ ነው፣ በነጥብም እየመራ ነው። ሙቀቱ መጀመሪያ ዳኛውን ጣለ፤ በሌላ ዳኛ ተተካ። ሮቢንሰን ግን ተተኪ የለውም። ከ13ኛው ዙር በኋላ ከመቀመጫው መነሳት አቃተው። መዝገቡ ላይ «ተሸነፈ» ይላል።

አሊ ነው የምትሉ የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማላችኋለሁ። ሜይዌዘር ነው የምትሉም ላኩ፤ ግን «ሃምሳ ለዜሮ» ብሎ የሚጀምረውን አላሰማም። ቸር ሰንብቱ።