ጎማው ከመሬት እንዳይለያይ፦ የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌትን ከአስፋልት ውጭ መንዳት

ምስል፦ አንድ ብስክሌት በድንጋያማ መንገድ ላይ በዝግታ ሲያልፍ ከጎን ይታያል።

የኋላው ጎማ የሰው ጭንቅላት የሚያህለውን ድንጋይ ወጥቶ ሲወርድ፣ መቀመጫው ከነበረበት ከፍታ እምብዛም እንዳልተነቃነቀ ልብ ይበሉ። በፊትም በኋላም አሞርዛተር (እየሰመጠና እየተመለሰ የመንገዱን ንዝረት የሚውጥ ዕቃ) የተገጠመለት ብስክሌት ለወገብ ምቾት ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ምቾቱ አለ፣ የአሞርዛተሩ ትልቁ ሥራ ግን ጎማውን ከመሬት ጋር አቆራኝቶ ማቆየት ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ሞተር ቢያሽከረክረው ወደፊት አይወስድም፣ ፍሬን ቢይዘው አያቆምም፣ መሪ ቢያዞረው አቅጣጫ አያስቀይርም። ሞተርና ባትሪ የተሸከመ የተራራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ስለሚመዝንና ከእግር ጉልበት በላይ የሆነ ኃይል ለኋላ ጎማ ስለሚያደርስ፣ ይህ ቁርኝት ከሌላው ብስክሌት ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአሞርዛተሩ አየር ነው።

ምስል፦ የኋላው አሞርዛተር በቅርበት፤ በዘንጉ ላይ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት።

ይህችን ቀለበት እስከ ማሸጊያው ድረስ ይግፏት። ከዚያም ለጉዞ የሚለብሱትን ለብሰው፣ የሚሸከሙትን ውኃና መሣሪያ ይዘው፣ ግድግዳ ተደግፈው ሁለቱንም እግሮችዎን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ይቀመጡ፤ ብስክሌቱን ሳይንጡትም በቀስታ ይውረዱ። ቀለበቷ የተገፋችበት ርቀት አሞርዛተሩ በእርስዎ ክብደት ብቻ ምን ያህል እንደሰመጠ ይነግርዎታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከዘንጉ ሙሉ እንቅስቃሴ ከ25 እስከ 30 በመቶ ነው፤ እንቅስቃሴው 60 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀለበቷ ከ15 እስከ 18 ሚሊ ሜትር መሄድ አለባት። ካለፈች በአሞርዛተር መንፊያ አየር ይጨምሩ፣ ካልደረሰች ይቀንሱ። መስመጡ ያስፈለገው ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወደ ታች የሚዘረጋበት ትርፍ እንዲኖረው ነው። በእኔ እምነት ውድ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ይህችን የጥቂት ደቂቃ ሥራ መሥራት ይበልጣል። የመመለሻውን ፍጥነት የምትቆጣጠረዋ ማስተካከያም ችላ አትባልም፤ ከላላች ብስክሌቱ ነጂውን ያነጥራል፣ ከጠበቀች ደግሞ አሞርዛተሩ ከአንዱ እብጠት ሳይመለስ ሌላው ስለሚደርስበት እንደሰመጠ ይቀራል።

ዳገት ላይ የሚያስቸግረው ከፍተኛውን የሞተር እገዛ ደረጃ መርጦ መነሣት ነው። የእግርን ኃይል የሚለካው ሴንሰር ፔዳሉ በተረገጠ ቅጽበት ሞተሩን ያስነሣል፤ በጠጠር ላይ የኋላው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ደግሞ የፊተኛው ይነሣል። መካከለኛውን ደረጃ ይዘው፣ ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልለው፣ ወደ መቀመጫው የፊት ጫፍ ተጠግተው ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ በማድረግ፣ ፔዳሉን በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር እያዞሩ ይውጡ። ሞተሩ መሃል ላይ በተገጠመ ብስክሌት የእግሩም የሞተሩም ኃይል በአንድ ካቴና ስለሚያልፍ፣ ማርሽ ሲቀይሩ ለግማሽ ዙር ያህል እግርዎን ለዘብ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ካቴናው ሊበጠስ ይችላል። አሞርዛተሩ ሲሰምጥ ፔዳሉም አብሮ ወደ መሬት ስለሚቀርብ፣ በድንጋዮች መካከል ሙሉ ዙር ከማዞር ይልቅ በአጭር በአጭሩ ወደፊት እየረገጡና ወደኋላ እየመለሱ ማለፍ ይሻላል።

ቁልቁለት ላይ የሚያፈጥነው ሞተሩ ሳይሆን ክብደቱ ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለምሳሌ፣ የተለመደው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደረስ ማገዙን ያቆማል። መቀመጫውን ዝቅ አድርገው፣ ፔዳሎቹን አግድም አስተካክለው፣ ጉልበትና ክንድዎን አጠፍ አድርገው ይቁሙ። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ጠንከር አድርገው ይያዙና መታጠፊያው ውስጥ ያላሉት። ረጅም ቁልቁለትን ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ዲስኩንና ዘይቱን አግሎ የፍሬኑን ኃይል ያዳክማል።

ባትሪውን ከርቀት ይልቅ በከፍታ ያስሉ። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 110 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 1000 ሜትር ሽቅብ መውጣት ብቻውን 300 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም የሚለካበት አሃድ) ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ በጎማው መጎተትና በሞተሩ ሙቀት የሚባክነው በዚህ ላይ ይጨመራል፣ እግርዎ የሚያዋጣው ደግሞ ይቀነሳል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ኪሎ ሜትር በአብዛኛው ካለፈው አነዳድዎ የተሰላ ግምት ነው እንጂ ገና ያልወጡትን ዳገት አያውቀውም። መሄጃው ቁልቁል፣ መመለሻው ሽቅብ በሆነ መንገድ ላይ፣ ለመመለስ ባትሪው ግማሽ እስኪቀር መጠበቅ መዘግየት ነው።