ረጋ ስንል ማን ይሮጣል?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሸሆቻችን፣ ቀሳውስቶቻችን፣ መምህራን፣ የጤና ባልደረቦቼ፣ ወጣቶች፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ተረጋግቶ ስለመኖር ንገረን» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ «ግን ሰዓት ስለተጣበበ ቶሎ ቶሎ በልልን» ብለው ጨመሩበት። እሺ ብያለሁ። በእግሩ ስለሚሄደው እንቁላልም፣ አፍሳ ስለለቀመችውም ሴት አልተርትም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ማወቁ ግን እስካሁን ብዙም አልጠቀመንም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ተጨነቅሁ» ብሎ አይጀምርም። «ልቤን ድው ድው ያደርገኛል»፣ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ልቡ ይመረመራል፣ ደሙ ይታያል፣ ደህና ነህ ይባላል። ሰውዬው ግን ደህና አይደለም። ውሎውን ስጠይቀው ነው ነገሩ የሚወጣው። ዓይኑን እንደገለጠ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከጎኑ ላለችው ሚስቱ «እንዴት አደርሽ» ሳይል ስልኩን ያነሳል። ቁርሱን ቆሞ ይጎርሳል። ሥራ ቦታ ሆኖ ስለ ቤቱ ያስባል፣ ቤቱ ገብቶ ስለ ሥራው። መንገድ ላይ ጓደኛውን ሲያገኝ «ሰላም ነው?» ይልና መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። የገጠሩ ሰላምታ እኮ ልጁን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ አያልቅም ነበር!

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ እምነት የለሽም አይደለም። ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ።

ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚነሳ አሠራር አለው። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ የምግብ መፈጨት ሥራ ይዘገያል። ጅብ ሲመጣ ይህ መልካም ነው። አደጋው ሲያልፍ ደግሞ የሚያበርደን ሌላ አሠራር አለ፤ ዋናው መሥመሩ ቬገስ የሚባል፣ ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርድ ነርቭ ነው። ችግሩ የመጀመሪያው አሠራር ጅብንና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአለቃ የሚመጣ የቴሌግራም መልእክት አጥርቶ አለመለየቱ ነው። ለሁለቱም ይነሳል። ጅቡ ግን ይሄዳል፣ መልእክቱ አያልቅም።

እስቲ ልባችሁን «ቀስ በል» በሉት። አይሰማችሁም። ትንፋሻችሁ ግን ይሰማል፤ ከሁለቱ የታዘዘን እሱ ነው። አየር ስናስገባ ልብ ጥቂት ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ጥቂት ይዘገያል። ስለዚህ ማስወጣቱን ያስረዘመ ሰው ልቡን በተዘዋዋሪ አዘዘ ማለት ነው። አንድ አዋቂ ሰው አርፎ ተቀምጦ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አሁን ወደ 6 እናውርደው። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫችሁ፣ በልባችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ አስገቡ። እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አስወጡ። እዚያ ኋላ ትከሻችሁ ሲነሳ አያለሁ፤ ትከሻ ይተኛ፣ ሆድ ይነሳ። ድጋሚ። አንዴ ደግሞ። ያዞረው ሰው ካለ ይተወው፣ እንደ ወትሮው ይተንፍስ፤ ውድድር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት እወዳለሁ። ጣልያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ 23 ሰዎችን የማርያምን ጸሎት በላቲን፣ እንዲሁም ማንትራ የሚባለውን የዮጋ ድግም ቃል እየደጋገሙ እንዲሉ አደረጉ። «ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ» ያላቸው ሳይኖር ትንፋሻቸው በደቂቃ 6 ገደማ ሆነ፤ የልባቸውና የደም ግፊታቸው ምትም ከትንፋሹ ጋር ገጠመ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው አገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚሁ ደሴ አጠገባችን ነው። ጀማ ንጉሥ በተባለው የወሎ ቦታ የሚከበረው መውሊድም የእኛው ነው። አንዱ አያታችን መቁጠሪያ ይቆጥሩ ነበር፣ ሌላው ሙሰበሃ፤ ብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ሁለቱም ነበሩ። ሸሆቼም መሪጌቶቼም እንዳትቀየሙኝ፤ አምልኮ ለደም ግፊት ነው ማለቴ አይደለም። ማለት የፈለግሁት፣ ኑሯችን ውስጥ የማረፊያ ቦታ ድሮ ተሠርቶልናል። በቀን አምስት ጊዜ ሥራ አቋርጦ የሚያስነሳ አዛን አለ። ሰንበት አለ። በረመዳን መጨረሻ አሥር ቀናት ኢዕቲካፍ ብሎ መስጊድ የሚገባ አለ፤ በጳጉሜን ሱባኤ የሚይዝ አለ።

ማረፊያው ሞልቶልናል። እኛ ግን ስንቀመጥ አካላችን ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቅዳሴ ላይ ኪሳችን ውስጥ ስልክ ይነዝራል፤ ሶላት እንዳሰላመትን እጃችን ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ነገር ልንካ። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ በእግር የወጣን በዚህ አዳራሽ ብዙ ነን። የቆየውም ያየውን አይቷል። ዛሬ በር ድንገት ሲጋጭ የሚበረግግ፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ መሬት የሚፈልግ ሰው አለ። እሱን «ተረጋጋ» ማለት ምንም አይረዳም። ሰውነቱ ያኔ ሊያድነው ተነሳ፤ እስካሁን አልተቀመጠም። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ዓይንን ጨፍኖ በዝምታ መቀመጥ አንዳንዴ ነገሩን ያብሳል፤ ያልፈለገው ትዝታ ይመጣበታል። ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከሚወደው ሰው ጋር ቀስ ብሎ ቢራመድ ይሻለዋል። ቅዠቱ፣ ብርገጋው፣ ከሰው መሸሹ ከአንድ ወር ካለፈ ደግሞ ባለሙያ ያማክር፤ መታከሚያ አለው። አብሽሩ፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ወጣቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ስልኩን እንዴት ልተወው?» ብለው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ጠይቁ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ያንን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ አንዱ ኩርባ ላይ እምቢ ይለዋል። የለመደ ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩ ራሱ ይዞለት ይወርዳል። እናንተ የምትሞክሩት በፍሬን ነው። ስልኩን ትራስ ሥር አድርጋችሁ፣ ቲክቶክ ከፍታችሁ፣ ከዚያ መሀል ላይ «አሁንስ ላቁም» ትላላችሁ። ያኔ አይቆምም። ሳይመሽ ወስኑ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለመነሻ አምስት ሳንቲም የማያወጣ አሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። የመልእክት ድምፁን አጥፉት፤ በጣም የሚፈልጋችሁ ሰው ይደውላል። አእምሮ ሐሳብ የሚጠይቁ ሁለት ሥራዎችን አንድ ላይ አይሠራም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል፣ በተመላለሰ ቁጥርም ጊዜ ያባክናል፣ ይሳሳታል። ለማትሪክ የምታጠኑ ይህችን ያዟት።

አእምሮ ሲረጋ ምን ያተርፋል ብትሉኝ፣ ደም የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች፣ አበጋሮቻችንን ተመልከቱ። ደም ፈስሶ ሁለት ቤተሰብ ሲፈላለግ አበጋሮች ነገሩን በአንድ ውሎ ለመጨረስ አይጣደፉም። መጀመሪያ የተቆጣውን ወገን ያበርዳሉ፤ ይመላለሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ይመርቃሉ። በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የፍትሕ ችሎታቸው ግማሹ ይህ ማቆየት ነው እላለሁ። እኛ ደግሞ ተናድደን የጻፍነውን በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ለመቶ ሰው እንልካለን። ፌስቡክ ላይ የጎረቤትን ሃይማኖት ወይም ብሔር የሚነካ ነገር አንብባችሁ ደማችሁ ሲፈላ፣ መልሱን ጻፉ፣ ግን አትላኩት፤ ይደር። ነግቶ ስታነቡት ከላካችሁት ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። በእኔ ግምት አብዛኛው አይላክም።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ባለፈው «አንተ ደመወዝተኛ ስለሆንክ ነው ቀስ በሉ የምትለን» አለኝ። ልክ ነው። ማታ ለባለንብረቱ ገቢ የሚያስገባ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ የሚያድር ልጅ ውሎውን በግማሽ ቀንስ ቢሉት ራቱን ቀንስ ማለት ነው። ችግርን በትንፋሽ እንፈታዋለን የሚል ካለ አትስሙት። የኑሮ ውድነት የሚያመጣው ጭንቀት መድኃኒቱ ገቢ ነው። እሱን የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ የሚቆምባትን ጊዜ ለስልኩ እንዳይሰጣት። እሷን እንኳ ለራሱ ያድርጋት፤ የጦሳን ተራራ ቀና ብሎ ይይ፣ ከጓደኛው ጋር ይሳቅ። ይህን ሞክሮ «ከንቱ ነው» ካለኝ እቀበለዋለሁ።

ዛሬ ልል የመጣሁት ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው፤ ለዚህም ሰዓት አልሰስትም።

ስለ ወሎ እርጋታ ሲወራ ሁሉም ሰው ቡናችንን ያነሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ምርቃቱ፣ ዱዓው፣ ዕጣኑ፣ ቆሎው፣ ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ረከቦት ዙሪያ። እውነት ነው፣ ውብ ነው። እንዲህ ረጋ ብሎ መቀመጥ ሰውን ያክማል፤ ሥራዬን እንኳ ያቀልልኛል። ግን እስቲ በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀመጡ የምታፈላዋን ሴት ተመልከቱ። ከሰሉን አያይዛለች። ቡናውን አጥባ ትቆላለች፣ ጭሱን ለእያንዳንዳችን ታዞራለች። ትወቅጣለች። ጀበናው እንዳይገነፍል ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጆሮዋ ጓዳ ነው። አቦሉን ቀድታ ሳትቀመጥ ስኒ ይመለስላታል፣ ታጥባለች፣ ውኃ ትጨምራለች፣ ቶናው ይደርሳል። የራሷ ስኒ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ቀዝቅዛ ትጠብቃታለች። እኛ «አይ ሰላም! አይ ወሎ!» እንላለን። የእኛ እርጋታ በእሷ ሩጫ የተገዛ ነው።

እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሴቶች መካከል «መቼ ትቀመጫለሽ?» ስላት መልስ ያጣች ብዙ ናት። «ስተኛ» ያለችኝም አለች። ለእሷ «በረጅሙ ተንፍሺ» ብዬ ብቻ ብሸኛት አፌዝኩባት ማለት ነው። የሚያስፈልጋት ውኃውን የሚቀዳ፣ ሕፃኑን የሚያዝል፣ ስኒውን የሚያጥብ ሰው ነው። አባቶች፣ «በእኛ ወግ ወንድ ስኒ አያጥብም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወጉን አልነቅፍም። በ1977ቱ ድርቅ በየመጠለያው እናት ስትደክም ውኃ ቀድቶ ሕፃን ይዞ የዋለ ወንድ አልነበረም እንዴ? ያኔ ማንም ወግ ፈረሰ አላለም።

አሁን ሽታው እንደነገራችሁ ከኋላ ቡና እየተቆላ ነው። የሚቆሉት አምስት እህቶቻችን ከቀትር ጀምሮ እዚያ ናቸው፤ ንግግሬን አንድም ቃል አልሰሙም። እንግዲህ አቦሉን ዛሬ እነሱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይጠጡ። ከፊት መሥመር የተቀመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ይቅርታ፣ ቦታ ልቀቁ። ስድስት ወንዶች እፈልጋለሁ፤ ሁለት ለመቅዳት፣ ሁለት ቆሎ ለማዞር፣ ሁለት ለስኒው። ማጠቢያው ውኃ ከበሩ በስተግራ በሰማያዊው ባልዲ አለ። እኔ አንዱ ነኝ፤ አምስት ቀረ። አመሰግናለሁ።