የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ እንሶስላን በጓሮ ማሳደግ

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ፦ እንሶስላ ከዘመድ አምጥቼ ቆርቆሮ አጥሩ ሥር ተከልኩ። ጠዋት ደህና ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ጥውልግ ይላል። ውሃ አላጓደልኩበትም።

መልስ፦ እናቴ፣ የጎደለው ጥላ ነው። እንሶስላ በደጋ ጫካ፣ በዛፍ ሥርና በጅረት ዳር የሚበቅል ተክል ነው። ግንዱ ውሃ ያዘለ፣ ቅጠሉ ስስ ነው። የቆርቆሮ ወላፈን አይችልም። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ወደሚያገኘው ቦታ ያዛውሩት። ባህር ዛፍ ሥር ግን እንዳይተክሉት፤ እርጥበቱን ይሻማዋል። ጉድጓዱ ላይ የበሰበሰ ቅጠልና የቆየ ፍግ ይጨምሩ፣ ላዩን ደረቅ ቅጠል ያልብሱት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

ከተቻለ መስኮት አጠገብ ይሁን። ነጭ አበባው መሃሉ ላይ ወይን ጠጅ ነው። ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ አለው፤ የአበባው ማር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሲመሽ መዓዛው ይወጣል፤ ምላሳቸው ረጅም የሆነ የእሳት እራቶች ይመጡለታል። ይህንን አበባ ሰው እጅና እግር ለሚያቀልመው ሥሩ ብቻ ሲፈልገው ያሳዝነኛል።

ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን፦ ኅዳር ላይ ግንዱ ደረቀ። ልንቀለው?

መልስ፦ ኧረ አትንቀል! ውርጭ የመታው ግንዱን ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ሕያው ሊሆን ይችላል። ግንዱን ቁረጥና ጭድ አልብሰው። ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ማባዛት ከፈለግህ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሥሩን ከፋፍል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ ይኑረው፣ የተቆረጠው ጎን ትንሽ ይድረቅና ትከለው።

አድማጭ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ እዚህ ይበቅላል? ሥሩን በሻንጣ ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ በሻንጣ ይቅር፤ ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት አይገባም። ብርቅ ተክል ከሚሸጡ ችግኝ ቤቶች ጠይቂ። ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ትከዪው። በጋውን ጥላ ሥር ይዋል፣ ውሃ አይጥፋው። ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ማሰሮውን ወደማይቀዘቅዝ ጋራዥ አስገቢና ውሃውን ቀንሺ።

አድማጭ፣ ከጎንደር፦ ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ መቼ ይቆፈር?

መልስ፦ ግንዱ ሲደርቅ። ግን ሙሉውን አታውጪ። ከጎን ያሉትን ሥሮች ውሰጂ፣ ቡቃያ ያለውን አናቱን መልሰሽ ቅበሪ። ከጫካ የሚቆፍሩት ብዙ ጊዜ ከነአናቱ ነው የሚያነሱት፤ እዚያ ቦታ በሚቀጥለው ክረምት ምንም አይበቅልም። ዘር ከፈለግሽ ፍሬው ሳይፈነዳ በስስ ጨርቅ እሰሪው፤ የበሰለ ፍሬ ገና ሲነኩት ዘሩን ይበትናል።