ሴባስቶፖልና የጨረቃው መድፍ

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ሳምንት መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

ውድ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ወላጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ንባብ ተናገር ስባል ትዝ ያለኝ የራሴ ጥፋት ነው። ታሪክ አስተማሪ ሳለሁ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ የታሪክ መማሪያውን ገትሮ ከኋላው ሌላ መጽሐፍ ሲያነብ ያዝኩት። እኔ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አወራለሁ፤ እሱ ሽፋኑ ተገንጥሎ የወደቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሯል። ገለጥ አድርጌ ባየው፣ ሰዎች በመድፍ ወደ ጨረቃ ይተኮሳሉ። «ደግሞ ለተረት!» ብዬ ቀማሁት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ ቤቴ ሆኜ፣ እውነቱን ለመናገር ስህተት ልፈልግበት ብዬ፣ አነበብኩት። የፈረንሳዊው የዡል ቨርን ድርሰት ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1865። የእርስ በርስ ጦርነቱ አልቆ ሥራ የፈቱ አሜሪካውያን መድፈኞች ፍሎሪዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የቀለጠ ብረት አፍስሰው፣ ርዝመቱ 900 ጫማ የሆነ መድፍ ይሠራሉ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ከደን አደረግሁት። ምን ዓመት ነው ያልኩት? 1865! እሱ ፓሪስ ሆኖ በወረቀት ላይ መድፍ ሲያቀልጥ፣ እኛ ዘንድ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን እነ ዋልድማየርን የጦር መሣሪያ ሠሪዎች አድርገዋቸው ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ የንጉሡ መድፍ ተወለደ።

ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከመኪና ሲወርድ የተሸካሚውን አንገት አይታችኋል? ያንን 70 ጊዜ አንድ ላይ ቋጥራችሁ፣ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሡ። መንገድ የለም፤ እየጠረጋችሁ ነው የምትሄዱት። የጂዳን ገደል ውረዱ፣ ውጡ፤ ደግሞ የበሸሎን ውረዱ፣ ውጡ። መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚነግረን ታሪክ ነው። እሱም ቢሆን ከአንድ አፍ አይወጣም፤ አለቃ ወልደ ማርያም በአማርኛ የጻፉት ዜና መዋዕል አለ፣ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር እስረኛ የነበረው ሐኪም ብላንክ የጻፈው አለ። አሳሪንና ታሳሪን ሳያነጻጽር «ታሪክ አነበብኩ» የሚለኝን ሰው ብዙም አላምነውም።

ነገር ግን ገመዱን የጎተተው ወታደር ማታ እጁን ሲያየው ምን እንደተሰማው ዜና መዋዕል አይነግረኝም። እሱን ፍለጋ የሄደው ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጻፈ፤ አቤ ጉበኛ በ1961 «አንድ ለናቱ»ን አመጣ። ንጉሡ አንድ ናቸው፤ ሁለቱን ደራስያን ስታነቡ ግን አንድ ሰው አታገኙም። ልባችሁን ስጧቸው፣ ምስክርነት ግን አትጠይቋቸው። ታክሲ ውስጥ «ቴዎድሮስ እንዲህ ብሎ ነበር» ተብሎ የሚጠቀስ ስሰማ፣ ይህ ንግግር ከመቅደላ ነው ወይስ ከቴአትር መድረክ የመጣው እያልኩ እጠራጠራለሁ።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ድርሰት ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልብ የወለደው ታሪክ! እኛ «ታሪክ» የሚለውን ቃል ጥለን «ልብ ወለድ»ን የዘርፉ ስም አደረግነው።

ሦስተኛው መደርደሪያችን፣ የሳይንስ ልብ ወለዱ፣ ከሳ ያለ ነው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ሲወጣ ወጣቱ እንዴት እንደተሻማበት ስታስታውሱ፣ የጎደለው ጸሐፊ እንጂ አንባቢ አለመሆኑ ይገባችኋል። ቨርን በመድፉ ተሳስቷል፤ በዚያ ፍጥነት የተተኮሰ ሰው ገና ከመድፉ አፍ ሳይወጣ ይጨፈለቃል። ግን ሦስት ሰዎችን ከፍሎሪዳ አስነሥቶ፣ በተከታዩ ክፍል ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ሦስት ሰዎችም ከፍሎሪዳ ተነሥተው የወረዱት እዚያው ውቅያኖስ ላይ ነው። ጠንቋይ ሆኖ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ሂሳብ ሠርቶ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ «ታሪክ ‹ቢሆን ኖሮ›ን አያውቅም» እያልኩ ስንት እጅ አውርጃለሁ መሰላችሁ።

ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን መለስኩለት። ይቅርታም ጠየቅሁት፣ ሁሉም እየሰሙ። ከዚያ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን መድፎች ጎን ለጎን ጽፌ «እስቲ ቢሆን ኖሮ በሉ» አልኳቸው። አንዱ ጋፋት ባይፈርስ ባቡር እንሠራ ነበር አለ፤ ሌላው የብረቱ ማዕድን ከየት መጥቶ ብሎ ያዘው። ክርክሩ ሲበርድ ያ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ጋፋት ከፈረንጆቹ ጋር አብረው የሠሩት የእኛ ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? ከመቅደላ በኋላስ የት ገቡ?»

መማሪያ መጽሐፉን ገለጥኩ። ዋልድማየር አለ። ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ወደ ፊት ገለጥኩ። ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ወጡ፤ እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አመሰግናለሁ።