አምስተኛው ዲስክ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመ ጉዳይ አለ፦ የድርጅት ሰርቨር ሲሞላ ዲስክ ስለመጨመር።

ሁልጊዜ በስልክ ነው የሚጀምረው። «ሰርቨሩ ሞልቷል፣ እባክህ አንድ ዲስክ ጨምርበት።» ለባለቤቱ ገዛን፣ ሰካን፣ አለቀ ነው። መሰካቱማ እውነትም የደቂቃ ሥራ ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች፣ አራት፣ በሬይድ 5 አሉ እንበል፤ ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ ዘዴ ነው። ከ16ቱ ቴራባይት ለሥራ የሚተርፈው 12 ነው። የአንድ ዲስክ ያህሉን ፓሪቲ የሚባለው፣ ከዳታው ተሰልቶ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይወስደዋል፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት የጠፋው የሚሰላው ከሱና ከቀሩት ነው። ፓሪቲው ደግሞ በሁሉም ዲስክ ላይ ተበትኗል። ስለዚህ አምስተኛው ሲመጣ ባዶውን ቦታ ይዞ ዳር አይቀመጥም፤ ካርታው ተሰብስቦ ለአምስት ሰው እንደገና እንደሚታደለው፣ ያለው ዳታ በሙሉ ይነበባል፣ ፓሪቲው ይሰላል፣ በአምስቱ ላይ ይጻፋል። ሊኑክስ ላይ ኤምዲአድም በተባለው የሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ሪሼፕ የምንለው ይሄን ነው። (ዜድኤፍኤስ የሚባለው ሌላው የዲስክ ማስተዳደሪያ፣ ሬይድዚ በሚለው የራሱ ዓይነት ሬይድ ላይ ዲስክ መጨመርን የፈቀደው በፈረንጆቹ 2025 በወጣው 2.3 እትም ነው፤ እዚያም የድሮው ዳታ እንደገና እስኪጻፍ ድረስ የድሮውን የፓሪቲ ድርሻ ይዞ ይቆያል።)

ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር በእኩል ምልክት እየተሞላች ትሄዳለች፣ ከጎኗ መቶኛው፣ ቀጥሎ የሚቀረው ጊዜ። እሱም በደቂቃ! ለ60 ማካፈሉ የእናንተ ፋንታ ነው። ጠዋት ሠራተኛው ገብቶ ፋይል መክፈት ሲጀምር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ የሚቀረው ጊዜ ያሻቅባል። ማታ ይሻለዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን አሮጌዎቹ ናቸው። አራቱም ባንድ ቀን ተገዝተው ዓመታት የሠሩ ዲስኮች፣ አሁን ያለ ዕረፍት ይነበባሉ፣ ይጻፋሉ። ደካማ ካለ የሚታወቀው ያኔ ነው። አንዱ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ከተከተለ ግን ዳታው የለም። መብራት ቢሄድ ሪሼፑ ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል፣ ቢሆንም ያለ ዩፒኤስና ናፍጣ ያለው ጄኔሬተር አልጀምርም። ባክአፕ ሳይኖር፣ ያውም ፋይል ተከፍቶ መመለሱ ሳይታይ፣ ጭራሽ አልነካውም። ሬይድ ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስክ ነው የሚሰረዘው።

እንግዲህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ አምስተኛውን ዲስክ ለቦታ አላውለውም። ወደ ሬይድ 6 እቀይርበታለሁ። እዚያ ፓሪቲው የሁለት ዲስክ ያህል ስለሚወስድ ቦታው ያው 12 ቴራባይት ነው፣ ግን ሁለት ዲስክ ቢሞትም ዳታው አለ። «ገንዘብ አውጥተን ቦታው ያው ነው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አልቀየምም። ያኔ ቦታውን የበላውን አብረን እንቁጠር እላለሁ፦ የካሜራ ቪዲዮ፣ የተባረረ ሠራተኛ ዴስክቶፕ ሙሉ ቅጂ፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል»።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቦታ ካነሰ፣ ስድስተኛ ዲስክ ይገዛና ይሰፋል። ያኔ ሪሼፑ አለቀ ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ፋይል ሲስተም በራሱ አያድግም፣ ለብቻው ትዕዛዝ ይፈልጋል። ይሄ ሳይደረግ ቀርቶ «ዲስኩ አልሠራም» ተብሎ ስንት ጊዜ ተደውሎልኛል መሰላችሁ።