ቁጥሩን ብቻ ጽፈን አንመለስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከምድር ባቡር በጡረታ የተገለላችሁ አባቶችና እናቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ድሬዳዋን በ1895 ዓ.ም. የቆረቆራት ባቡር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለዚህ በቀጥታ የሚያልፉ ባቡሮችን ወደምናሰፍርበት መዝገባችን ልግባ።

«የጭነት ባቡር አለፈ» የሚል መስመር ለማንም አይጠቅም። የሎኮሞቲቩ፣ ማለትም ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር፣ ቁጥር ቢጨመርበትም ስለ ማሽኑ ጤና የሚነግረን ነገር የለም። ዘንድሮ የምንጠይቃችሁ ዓይንና ጆሮ የያዙትን ነው።

ከጆሮ እንጀምር። ፍሬን ይዞት ሳይዞር በሐዲዱ ላይ የተንሸራተተ ጎማ በአንድ በኩል ይበላና ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ በዞረ ቁጥር አንዴ «ጓ» ይላል። የፉርጎ ጎማ ዲያሜትሩ 840 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የሎኮሞቲቩ ደግሞ አዲስ ሲሆን 1250። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የፉርጎው ጎማ በሰከንድ 6 ጊዜ፣ የሎኮሞቲቩ 4 ጊዜ ያህል ይመታል። ችኩል ምት ከሰማችሁ ፉርጎ ነው፤ ረጋ ካለ ሎኮሞቲቩን ጠርጥሩ። በአሮጌው፣ በሐዲዶቹ መካከል አንድ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ያደገ ጆሮ ይህን ከሐዲድ መጋጠሚያ ድምፅ ጋር ሊያምታታው ይችላል። የመጋጠሚያው ድምፅ ግን ቦታውን አይለቅም፤ የጎማው ምት ከባቡሩ ጋር ይሄዳል።

ብልጭታም እንዲሁ ነው። ሎኮሞቲቭ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ የሚበልጭ ከሆነ ችግሩ ያለው ከሐዲዱ በላይ በተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ነው። አንዱ ሎኮሞቲቭ ብቻ በደረሰበት ሁሉ ከበለጨ ግን ፓንቶግራፉን፣ ማለትም ከሎኮሞቲቩ ጣሪያ ተነስቶ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ክንድ፣ በተለይ ሽቦውን የሚነካውን ካርቦን ተመልከቱ። የትኛው ፓንቶግራፍ እንደተነሳም ጻፉ። ብዙውን ጊዜ የኋላው ነው፤ ቢሰበር ስባሪው የፊተኛውን እንዳይመታ።

ፍጥነት በግምት አይጻፍ። ከአንዱ የኪሎ ሜትር ምልክት እስከ ቀጣዩ የፈጀውን ሰከንድ ያዙና 3600ን አካፍሉለት፤ 45 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ ጻፉ። «3:10» ብቻ ብሎ የሄደ ሰው መዝገብ ጠባቂውን ሲያወዛግብ ይከርማል።

ሰማያዊ ጭስና የተቃጠለ ሽታ የተያዘ ፍሬን ምልክት ነው። ከሎኮሞቲቩ ጀምራችሁ ስንተኛው ፉርጎ እንደሆነ ቁጠሩና ያኔውኑ ለጣቢያው አሳውቁ፤ ደብተር ላይ ጽፎ ቤት መግባት አይበቃም።

ሽቦው 25 ሺህ ቮልት ተሸክሟል፤ ለመግደል መነካት አያስፈልገውም። ስለዚህ የስልክ መያዣ ዘንግ፣ ጃንጥላም ሆነ የብረት ቱቦ ይዞ መቅረብ አይቻልም። ፎቶም ያለ ፈቃድ አይነሳም።

አዲሱ ደብተር በር ላይ ይታደላል፤ እርሳስም አብሮ አለ፣ እስክሪብቶ በላብ ይዘበራረቃልና። ጉባኤው ተከፍቷል።